የያረጋል ክርስትና ስም

ጥር 20 ቀን 2015፣ ቅዳሜ

ዛሬ ሶባ ሄደን ቀረጽን። ካርቱም ካለው ሰፈራችን፣ ከቡሪ፣ የተነሣነው በጠዋት ቢሆንም ስንደርስ ፀሐዩ ድንጋዩን አግሎታል። የጥንቱ የአልዋ መንግሥት ክርስቲያኖች መናገሻ የነበረች ከተማ ዛሬ ሜዳ ናት። የተሰባበረ ቀይ ጡብ፣ ፍየሎች፣ ነፋስ የሚያንከባልለው ፌስታል። ንግግሬን ሁለት ጊዜ አቋርጬ ከመጀመሪያው ጀመርሁ፤ የሚቀርጽልኝ ያረጋል ስልኩን ሲይዝ እጁ ይንቀጠቀጣልና። ሳምንቱን ሙሉ ዐማራት ሰፈር ሕንፃ ላይ ሲሚንቶ ሲሸከም የሚውል እጅ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ሥራ ሥራ ነው።

«እማማ፣ ያለን ሁለት ደቂቃ ነው፤ እርስዎ ገና ኖኅ መርከብ ላይ ነዎት» አለኝ።

«ኖኅን ሳያውቁ ኩሽን ማወቅ አይቻልም።»

ሜላት ሣቀች። የልጅ ልጄ ናት፤ ቪዲዮውን ቆርጣ የምትለጥፈው እርሷ ናት። እዚሁ ካርቱም ተወልዳ ስላደገች አማርኛዋ ግማሹ ዐረብኛ ነው። እነዚህን አጫጭር ትምህርቶች የጀመርሁት እንደ እርሷ ላሉት ብዬ ነው። ሃይማኖቱን፣ ታሪኩን፣ ወጉን መጽሐፍ ገልጠው ካላገኙት ስልካቸው ላይ ያግኙት ብዬ።

ስንመለስ ራክሻ በሚሉት ባጃጅ ውስጥ ያረጋል «እዚያ የነበሩት ክርስቲያኖች ሁሉ አለቁ?» አለኝ።

«የሞተ ሞተ፣ የሰለመ ሰለመ፣ የተሰደደ ተሰደደ።»

«ታዲያ አሁን በጸሎት ስማቸውን የሚያነሣላቸው ማነው?»

የሚረባ ጥያቄ ነው። የሚቀጥለው ትምህርት ስለ ክርስትና ስም ይሁን ብዬ ወሰንሁ። ጥያቄው ጥሩ መሆኑን ግን አልነገርሁትም። ተማሪ ፊት ለፊት ሲመሰገን ይሰንፋል።


ጥር 27፣ ቅዳሜ

የክርስትና ስሙን ትምህርት በግቢያችን ቀረጽን። ጎረቤታችን ሉጥፊያ ልብስ ማስጣቱን ለእኛ ብላ አቆመች። መልካም ሴት ናት።

አሳጥሬ ተናገርሁ። ክርስትና ስም ሰው ሲጠመቅ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ካህን የሚጠይቀው ሲቆርብ፣ በተክሊል ሲያገባ፣ ታሞ ሲጸለይለት፣ ሞቶ ሲፈታ ነው። በሌላ ጊዜ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ ሰው ክርስትና ስሙን ቢያንስ ለአንድ ቅርብ ሰው ሊያስታውቅ ይገባል፤ ስሙ ካልታወቀ ፍትሐቱ በማን ስም ይደረጋል? እንዲህ ብዬ ጨረስሁ። ንባቤ አልተሰናከለም።

መካከል ላይ ያረጋል ከስልኩ ጀርባ ሆኖ ወሬ ጀምሮ ነበር። ዝም አሰኘሁት።

ማታ አብሮን ራት በላ። የሶባው ቪዲዮ ሲንቀጠቀጥ ሜላት አሳየችን። «እጅህን ካልሰበሰብህ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» አልሁት። ክፋት ኖሮኝ አይደለም። እኛ ስንማር መስመር የዘለለ እጁ ላይ በማስመሪያ ይመታ ነበር፤ ማንም አልሞተም።


የካቲት 2

ቪዲዮው ወጣ። ያረጋል አልመጣም። ስልኩም አይነሣም። ከሻ ይዞት ይሆን ብዬ ፈራሁ። ፖሊስ ወረቀት የሌላቸውን ልጆች እያፈሰ ነው ይላሉ።


የካቲት 5፣ እሑድ

ከሻ አይደለም። ትናንት ለሜላት በድምፅ መልእክት ላከላት። እዚህ የማኖረው እንዳይጠፋኝ ነው።

«እማማ፣ ሳልሰናበትዎት በመሄዴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ብነግርዎት ይቆጡኝ ነበር፤ ከተቆጡኝ ደግሞ እቀር ነበር። ከዛኪር ጋር በሊቢያ ልሞክር ነው። ስልኩ እንዳይንቀጠቀጥብዎ ከሥራ ቦታ በተረፈ ፌሮ ማቆሚያ በይጄልዎታለሁ። ከበሩ ጀርባ ነው። ለእናቴ እንዳይነግሩብኝ፤ ባሕሩን ተሻግሬ ራሴ እነግራታለሁ።»

ከበሩ ጀርባ አገኘሁት። ሦስት እግር አለው፤ አንዱ ከሌሎቹ ያጥራል። ወረቀት አጥፌ ከሥሩ አኖርሁ። አሁን ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ሜላት «ሐቦባ፣ ዘዐለቲ?» አለችኝ። አያቴ፣ ተቀየምሽ ወይ ማለቷ ነው። በአማርኛ ጠይቂኝ አልኋት።


የካቲት 14፣ ማክሰኞ

ጾሙ ገብቷል። የክርስትና ስሙን ቪዲዮ ሰው እየተቀባበለው ነው። ከአገር ቤት እናቶች ይጽፋሉ። «ልጄ በካርቱም አልፏል፤ አይተውት ይሆን?» እያሉ መልክ ይገልጻሉ፣ ፎቶ ይልካሉ። ምን ብዬ ልመልስ?

ዛሬ ደግሞ አንድ የድምፅ መልእክት መጣ።

«እትዬ ሸዋዓለም፣ እንደምን ሰነበቱ? የያረጋል እናት ቀጸላ ነኝ፣ ከዳንግላ። ልጄ ቪዲዮዎን እየላከልኝ ሁሉንም አያለሁ። ሥራ ሲፈታ እርስዎ ዘንድ ነው የምውለው ብሎኛል። ከሄደ ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረኝም፤ አሁን እተኛለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።»

የእግዚአብሔርን ሰላምታ መለስሁላት። ጾሙን የበረከት ያድርግልን አልኋት። ሌላ አላልሁም። አልዋሸሁም።


መጋቢት 3፣ እሑድ

ወሬ የለም። ሜላት ስልኳን ባነሣች ቁጥር ፊቷን አያለሁ።

ከቅዳሴ ስንወጣ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ ሲነጋገሩ ሰማሁ። «ያ የሚቀርጽላት ልጅ ሄደ አሉ።» «ምን ያድርግ፣ አሮጊቷ በቁጣ ፈጅታው!» ዘወር ብዬ አየኋቸው። አንደኛዋ ያስተማርኋት ናት። እጅ ነሣችኝ።

ስለ ነጃሺና ወደ አክሱም ስለተሰደዱት የነቢዩ ባልደረቦች ከሉጥፊያ ጋር እንቀርጻለን ብለን ነበር። ማቆሚያው ምንም አይነቃነቅም። ምስሉ እንደ ፎቶግራፍ ቀጥ ያለ ነው። ሆኖም መናገር አቃተኝና ነገ ይሁን አልሁ።

ያረጋል ደኅና ነው። ሊቢያ ስልክ አይሠራም ይላሉ።


መጋቢት 15፣ ዓርብ

የእነ ሉጥፊያ ጾም ትናንት ገባ። አሁን ግቢው በሙሉ ጾመኛ ነው።

ሊያፈጥሩ ሲሰናዱ የሜላት ስልክ ጠራ። ዛኪር ነበር። ከያረጋል ጋር አንድ ክፍል የኖረ የወሎ ልጅ ነው፤ እኔም ዘንድ መጥቶ በልቷል። ከሊቢያ ነው የምደውለው አለ።

«እማማ፣ አፉ ይበሉኝ» አለ።

ወዲያው ገባኝ። «ተናገር» አልሁት።

«መኪናው አሸዋ ላይ ተበላሸ። ውኃ አለቀ። እሱ የራሱን ድርሻ ለአንድ ለታመመ ሰጥቶ… አፉ ይበሉኝ። በእጄ ነው የቀበርሁት፣ ወላሂ። ጓዶቹ ያላ፣ ያላ ሲሉ እምቢ ብዬ ነው። የእናንተን ጸሎት አላውቅም። አቡነ ዘበሰማያትን ማታ ማታ ሲል እሰማው ስለነበር፣ የማውቃትን ያህል አልሁለት።»

«መቼ ነው?»

«ከረመዳን በፊት። ቀኑን አላውቀውም። እዚያ ቀን የለም፣ እማማ።»

ሜላት ጮኸች። ሉጥፊያ ማፍጠሪያዋን ጥላ ሮጣ መጣች፤ መሬት ላይ ከሜላት ጋር ተቀምጣ ራሷን አቀፈቻት። አዛኑ ተብሎ አልቆ፣ ውኃ እንኳ ሳትቀምስ ቆየች። እኔ ቆሜ ነበር። የት መቀመጥ እንደሚገባኝ ጠፋኝ።

ማስቲካ አታኝክ ብዬ የተቆጣሁት ልጅ ነው። የራሱን ውኃ ለታመመ ሰጠ።


መጋቢት 17፣ እሑድ

ለቀሲስ ዓለምነህ ነገርኋቸው። ፍትሐት እንዲደረግለት ጠየቅሁ።

«ክርስትና ስሙ ማነው?» አሉኝ።

አላውቀውም።

«ግድ የለም፣ እትዬ ሸዋዓለም። በዓለም ስሙ እናነሣዋለን። እግዚአብሔር ሰው አይምታታበትም።»

«ትምህርቱ እንዲህ አይደለም» አልሁ።

«ትምህርቱን እኔም ትንሽ ተምሬያለሁ» አሉ ፈገግ ብለው። ቀጥለውም «ከትንሣኤ በኋላ በዳንግላ ካህናት በኩል ለእናቲቱ መርዶው በወጉ ይደርሳታል። ስሙንም ያን ጊዜ እናገኛለን። አሁን በጾም ላይ ምን አስቸኮለን?»

ሆሣዕና ግን ደርሷል። ከሆሣዕና በኋላ በሕማማት ፍትሐት የለም። እስከ ትንሣኤ ድረስ ያ ልጅ በአሸዋ ውስጥ ስም እንደሌለው ሊተኛ ነው? በስልክ ፊት ቆሜ ለስንቱ ሺህ ሰው «ስሙ ካልታወቀ በማን ስም ይደረጋል» ያልሁት እኔ ነኝ።


መጋቢት 20፣ ረቡዕ

ሜላት የክርስትና ስሙን ትምህርት ያልተቆረጠ ቀረጻ ስልኳ ውስጥ አገኘችው። አብረን አየነው።

እኔ እየተናገርሁ ነው። ከዚያ የያረጋል ድምፅ ከስልኩ ጀርባ፣ «የእኔ እኮ፣ እማማ…»

ከዚያ የእኔ ድምፅ፣ «ዝም በል! እየተቀረጸ ነው!»

ከዚያ የእርሱ፣ «እሺ።»

ከዚያ ምስሉ ትንሽ ይነቃነቃል። እየሣቀ ነበር መሰለኝ።

ሜላት ደግማ ልታጫውተው ስትል በቃ አልኋት። ወደ ጓዳ ሄደች። እኔም ስልኩን አንሥቼ ደግሜ አየሁት፤ ደግሜም አየሁት። «እሺ» ያለው ያለ ቅሬታ ነው። ልሰማበት የሞከርሁት ቅሬታውን ነበር፤ የለም።

ለአንድ ቅርብ ሰው አስታውቁ ብዬ ነበር። እርሱ ትምህርቱ ሳያልቅ ነው የታዘዘው።


መጋቢት 24፣ እሑድ

ዛኪር ደወለ። ስሙን አያውቅም። ዘመዶቹንም አያውቅም። ሌሎቹ አብረውት የነበሩት ልጆችም አያውቁም። አንደኛው «ሥላሴ ያለበት መሰለኝ» አለ። ሌላው «አይደለም፣ ማርያም ነው» አለ። መሰለኝ ለፍትሐት አይሆንም።

ስለዚህ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ወንድሜን በስድሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ከቤት ሲወስዱት እኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ከዓመታት በኋላ ካህኑ መጥተው ፍትሐት እናድርግለት ብለው ክርስትና ስሙን ቢጠይቋት እናቴ እምቢ አለች። «ስሙን ከሰጠኋችሁ ገደላችሁት ማለት ነው» አለች። ለእኔም አልነገረችኝም። ይዛው ሞተች። እኔም ያን ጊዜ ግትር ብያት ነበር።

ይህን ለምን ዛሬ እንደጻፍሁት አላውቅም።

ወይዘሮ ቀጸላን ለቪዲዮ ነው ብዬ ብጠይቃት ምን ይከፋል? ከትንሣኤ በኋላ መርዶዋን በወጉ ትረዳለች፤ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ። እስከዚያ በሰላም ትፈስካለች። ልጇም ስሙ ይነሣለታል። ጉዳት የለውም። ቀሲስ አይሁን ቢሉም ጉዳት የለውም።


መጋቢት 28፣ ሐሙስ

ደወልሁ።

የምናገረውን አስቀድሜ በቃሌ አጥንቼ ነበር። «ለሚመጣው ቪዲዮ የረዱንን ልጆች ክርስትና ስም እየሰበሰብን ነው።»

«ውይ፣ እትዬ! መደወል የሚገባኝ እኔ ነበርሁ!» አለች። ከኋላዋ ዶሮ ይጮሃል። ስለ ጾሙ ጠየቀችኝ፤ ሙቀቱ እንዴት ይዟችኋል አለችኝ። ስለ ልጇ አልጠየቀችም። አሁን ሳስበው፣ ከእኔ እንዲመጣ እየጠበቀች ነበር።

ያጠናሁትን አልሁ።

«እትዬ» አለች፣ «ያንን ቪዲዮ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ክርስትና ስም የሚጠየቅበትን አንድ በአንድ ነግረውናል። የእኔ ልጅ አይቆርብም፣ አውቀዋለሁ። ሳይነግረኝም አያገባም።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርሁ።

«ታሞ ነው?»

አዎ ማለት እችል ነበር። አፌን ከፍቼም ነበር።

«ወይዘሮ ቀጸላ፣ ሰው አለ ከእርስዎ ጋር?» አልሁ።

ያልሁትን ያወቅሁት ካልሁት በኋላ ነው።

«የለም። ብቻዬን ነኝ» አለች። ድምፅዋ ረጋ ያለ ነበር። «ይቆዩኝ፣ እትዬ። እንዳይነግሩኝ። መጀመሪያ ሰው ልጥራ።»

ስልኩን አንድ ነገር ላይ አስቀመጠችው። ጫማዋን እየጎተተች ስትሄድ፣ በር ስትከፍት ሰማሁ። «እናንተ ሰዎች፣ እባካችሁ አንድ ጊዜ ኑልኝ» ስትል ሰማሁ፤ ዕቃ እንደከበደው ሰው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ስንት ቤት በማለዳ ተሰልፌ መርዶ አርድቻለሁ። የሚረዳው ሰው ራሱ አርጂዎቹን ሲሰበስብ ሰምቼ አላውቅም። ሜላት የስልኩ ራሲድ እንዳያልቅ እየሮጠች ሄዳ ስትሞላ፣ እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ቆምሁ። ዶሮው ይጮሃል። የሰዎች ድምፅ እየበዛ መጣ። አንዲት ሴት «ምን ሆነሽ ነው? ለምን ነጠላሽን ዘቅዝቀሽ ለበስሽ?» አለቻት።

«መጥተዋል» አለችኝ። «አሁን ይንገሩኝ።»

ነገርኋት።

ከዚያ በኋላ የሰማሁትን አልጽፈውም።

ስልኩን አልዘጋሁም። መዝጋት የእኔ ድርሻ አልመሰለኝም። በመጨረሻ አንሥታ ከጩኸቱ መካከል እየተነፈሰች «ወልደ ሰንበት» አለች።

«ወልደ ሰንበት» አልሁ።

«ይድገሙት።»

«ወልደ ሰንበት።»

«አንድ ጊዜ ይጨምሩ።»

ጨመርሁ።

«እንዳይረሱት» አለችና ስልኩ ተቋረጠ።

ሜላት በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ቀሲስም ሲሰሙ ምንም አላሉም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር።


ሚያዝያ 1፣ እሑድ፣ ሆሣዕና

ከቅዳሴ በኋላ ፍትሐቱ ተደረገ። ስሙ ተነሣ፤ ወልደ ሰንበት፣ በትክክል። የቆመለት አንድም ዘመድ የለም፤ ሜላትና እኔ ብቻ። የፈለግሁት ይህ ነበር። አገኘሁት። ዳንግላ ግን አንዲት ሴት ትንሣኤን በሐዘን ልትውል ነው፤ ያረዳቻትም በስልክ የመጣች እንግዳ ናት።

ከዚያ በሥርዓቱ ለሁላችንም ተደገመ። በሕማማት ፍትሐት ስለሌለ፣ በዚያ ሳምንት ለሚሞት ሁሉ በሆሣዕና በሕይወት ሳለ ይፈታል። ስለዚህ ሥርዓት አምና ቪዲዮ ሠርቼበታለሁ። ያን ጊዜ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

ሜላት ዘንባባዋን ጣቷ ላይ እየጠቀለለች «ሐቦባ፣ ይኼ ለእኛም ነው? ገና ሳንሞት?» ብላ አንሾካሾከች።

«ለእኛም ነው።»

«ኸላስ በቃ፣ ተከፍሎ ተቀምጧል በያ» አለች።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሣቅሁ። በልጅነቴ እንኳ አድርጌው አላውቅም። ያረጋል ቢኖር የበለጠ ይሥቅ ነበር።


ሚያዝያ 6፣ ዓርብ፣ ስቅለት

ስግደቱ ጉልበቴን ጎድቶታል። ከወይዘሮ ቀጸላ መልእክት መጣ። ድምፅዋ ጠፍቷል፤ በሹክሹክታ ነው የምትናገረው።

«እትዬ፣ እርስዎን አልቀየምሁም። ማንም ባይነግረኝ ኖሮ ስንት ዓመት በር በሩን አይ ነበር። ቪዲዮውን ግን አያጥፉት። ከስልኩ ጀርባ እንደነበረ አውቃለሁ። ምስሉ ሲንቀጠቀጥ እሱ ነው።»

ሜላት የሶባውን ቪዲዮ ከፍታ ሰጠችኝ። እስከ መጨረሻው አየሁት።

ነገ ቀዳም ስዑር ነው። ካህናቱ ቄጠማ ይዘው ሲመጡ ስለ ኖኅ ርግብና ስለ ለምለሙ ቅጠል እንቀርጻለን። ማቆሚያውን አውጥተን በእጅ እንይዘዋለን አልኋት። ደስ አላት።


ሚያዝያ 7፣ ቅዳሜ

ከጠዋት ጀምሮ ተኩስ ነው። ወታደሩ እርስ በርሱ ነው ይላሉ። የጦሩ መምሪያ ከእኛ ቡሪ ሩቅ አይደለም፤ መስኮቱ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። መብራት ጠፍቷል። ቄጠማ ይዞ የመጣ የለም፤ የሚመጣም የለም።

የእኛ ክፍል ግንቡ ወፍራም ስለሆነ ሉጥፊያ ልጆቿን ይዛ መጥታለች። እነርሱም ጾመኛ፣ እኛም ጾመኛ፤ ውኃውን ለልጆቹ አኖርነው። በሩ እንዳይበረገድ የያረጋልን ማቆሚያ ደግፌበታለሁ። አጭሩን እግር ወደ ውስጥ አድርጌ።

ሜላት አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«ሐቦባ፣ ክርስትና ስምሽ ማነው?»

አንቺ ትለኛለች፤ ዐረብኛው አንቱ ስለሌለው ነው። ሁልጊዜ አርማት ነበር። ዛሬ አላረምኋትም። ጥያቄው መቼ መቼ እንደሚጠየቅ ታውቃለች። ያስተማርኋት እኔ ነኝ።

ነገርኋት።

«ድገሚው» አልኋት።

ደገመችው። ከዚያ ሳልጠይቃት የራሷን ነገረችኝ፤ እኔም ደገምሁት።